የሚከራይ ሕንፃ ከመግዛታችን በፊት፦ በቤቱ ውስጥ የማን ሐቅ አለ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ከቦሌ ወደ መገናኛ በሚወስደው ቀለበት መንገድ ላይ ያለውና ስሙን ከኢምፔሪያል ሆቴል ያገኘው ሰፈር፣ ከአጎራባቾቹ ገርጂና መብራት ኃይል ጋር፣ መልኩን እየቀየረ ነው። ቪላ የነበረበት ግቢ ዛሬ ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ላዩ ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታ የሆነ ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሞበታል። ኤርፖርቱ ቅርብ ነው፤ ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ ገርጂ ግቢ አለው፤ ተከራይ አይጠፋም። ለዚህም ነው የመርካቶ ነጋዴው፣ ጡረታ የወጣው ሠራተኛ፣ ጅዳና ዱባይ ለፍተው ገንዘብ ያዋጡ እህትና ወንድማማቾች “ወለድ የሌለበት፣ በየወሩ የሚገባ ሐላል ገቢ” ብለው እንዲህ ያለ ሕንፃ የሚፈልጉት።

ሐሳቡ መልካም ነው። ኪራይ በሸሪዓችን የተፈቀደ ነው። ችግሩ ያለው በአገዛዙ ላይ ነው። አብዛኛው ገዢ የሚጠይቀው “ስንት ክፍል አለው? በወር ስንት ይገባል?” ብሎ ነው። ከዚህ በፊት መቅደም ያለበት ጥያቄ “በዚህ ቤት ውስጥ የማን ሐቅ አለ?” የሚለው ነው። የመንግሥት፣ የባንክ፣ የሻጩ ሚስት፣ ያልተካፈሉ ወራሾች፣ የተከራዮች፣ የጎረቤት ሐቅ ሊኖርበት ይችላል። እነዚህን አንድ በአንድ ያጣራ ገዢ ገንዘቡንም ዲኑንም ይጠብቃል። ያላጣራው ግን የሌላ ሰው ሐቅ በራሱ ላይ ተሸክሞ፣ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ይዞ ፍርድ ቤት ሊመላለስ ይችላል።

ከዚህ በታች ማጣሪያዎቹን በቅደም ተከተል እናያለን። ጽሑፉ የጠበቃና የመሐንዲስ ምክርን አይተካም፤ ለእነሱ ምን ጥያቄ ይዘን እንደምንሄድ ግን ያሳያል።

1. መሬቱ የማን ነው?

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የምንገዛው ሕንፃውንና በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማየት ያለብን ይዞታው ነባር ነው ወይስ በሊዝ የተያዘ የሚለውን ነው።

በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ሻጩ ለዓመታት የከፈለው አነስተኛ የቦታ ኪራይ ለገዢው እንደዚያው አይቀጥልም ማለት ነው። ይዞታው ቀድሞውኑ በሊዝ የተያዘ ከሆነ ደግሞ የሊዝ ዘመኑን ተመልከቱ። በአዋጁ መሠረት በአዲስ አበባ ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ ለንግድ 60 ዓመት ነው። ስንት ዓመት ቀረው? ስንት ክፍያ ቀረው? በቀሪው የሊዝ ክፍያ ላይ ወለድ እንደሚታሰብ አዋጁ ይደነግጋል። ስለዚህ ሙስሊም ገዢ ቀሪውን ዕዳ ሻጩ ከሽያጩ በፊት አጠቃሎ እንዲዘጋ ቢስማማ፣ ወይም ከዋጋው ተቀንሶ እሱ ራሱ በአንድ ጊዜ የሚዘጋበትን መንገድ ቢጠይቅ ይሻላል።

ግንባታው ያልተጋመሰ ወይም ያልተጀመረ የሊዝ ቦታ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዋጁ በዚህ ደረጃ ያለን መብት ማስተላለፍ የሚፈቅደው በሚመለከተው አካል ክትትል በሚካሄድ ግልጽ ሽያጭ ነው። በጓዳ የተደረገ ስምምነት ገዢውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

2. ካርታውና ግቢው ይስማማሉ?

የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ኮፒ ከሻጩ ተቀብሎ መውሰድ ማጣራት አይባልም። ካርታ ሊመክን ይችላል፤ ሐሰተኛም ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው የሚገኘው ከክፍለ ከተማው መሬት አስተዳደርና ከይዞታ ምዝገባ ተቋሙ ነው። ባለ ይዞታው አብሮ ሄዶ፣ ፋይሉ ወጥቶ፣ ስሙ፣ የካሬው ስፋት፣ ወሰኑና የአገልግሎት ዓይነቱ መታየት አለበት። በኢምፔሪያልና በገርጂ አካባቢ ጉዳዩ በቦሌ ክፍለ ከተማ ይታያል፤ ወደ ምሥራቅ ሲዘልቁ ግን ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ በ2013 ዓ.ም. የተቋቋመው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ አለ። ፋይሉ ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወረ ቤት ከሆነ ሰነዱ በሙሉ መድረሱን ማጣራት ይገባል።

ከዚያ ሜትር ይዞ ግቢውን መለካት ነው። ካርታው ላይ ያለው 250 ካሬ፣ አጥሩ ውስጥ ያለው 290 ካሬ ቢሆን፣ ትርፉ 40 ካሬ የጎረቤት ወይም የመንገድ ነው። ደላላው “እሱ ችግር የለውም፣ ሁሉም እንዲህ ነው” ይል ይሆናል። የአንድ ስንዝር መሬት በደል በቂያማ ቀን ምን ያህል ከባድ ሸክም እንደሚሆን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስጠነቀቁበት፣ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ሐዲስ እንዳለ የምናውቅ ሰዎች ግን “ሁሉም እንዲህ ነው” በሚል አናልፈውም።

የአገልግሎት ዓይነቱም እንዲሁ ነው። ካርታው “መኖሪያ” እያለ ምድር ቤቱ በሙሉ ሱቅ ከሆነ፣ የሱቁ ኪራይ ሻጩ የሚነግረን ያህል አስተማማኝ አይደለም።

3. የግንባታ ፈቃዱ ስንት ፎቅ ይላል?

በአካባቢው ከሚታዩት ችግሮች አንዱ ለሁለት ፎቅ ተፈቅዶ ሦስት ወይም አራት ፎቅ መሥራት ነው። ተጨማሪው ፎቅ ገቢው ጥሩ ነው፤ በሕግ ፊት ግን መሠረት የለውም። የጸደቀውን ፕላን፣ የግንባታ ፈቃዱንና የመጠቀሚያ ፈቃዱን ከቆመው ሕንፃ ጋር አመሳክሩ። በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከመሬት ወለል በላይ ከ12 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሕንፃ ምድብ “ሐ” ውስጥ ይገባ ነበር፤ ይህ ምድብ ከበድ ያለ የዲዛይንና የቁጥጥር ግዴታ ነበረበት። በፈቃዱ ከዚህ በታች የሆነ ሕንፃ በተጨማሪ ፎቅ ምክንያት ከልኩ ካለፈ ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

“ገዝቼ አንድ ፎቅ እጨምርበታለሁ” ብሎ ማስላትም አለ። ኢምፔሪያል የኤርፖርት ጎረቤት ነው፤ በኤርፖርት ዙሪያ የሕንፃ ከፍታ ገደብ ይኖራል። ተጨማሪው ፎቅ በጽሑፍ እስካልተፈቀደ ድረስ ዋጋ ውስጥ ልናስገባው አይገባም።

ሦስተኛው ነገር የመንገድ ወሰን ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ እየተካሄደ ባለው የኮሪደር ልማት ዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ ብዙ ቤቶች ተነክተዋል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሳ የሚከፈልበት ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተቀምጧል፤ የሚጠብቀው ግን ሕጋዊ ባለ ይዞታን ነው። ያለ ፈቃድ የተሠራ ፎቅና ከካርታ ውጭ የወጣ ሱቅ ላይ የካሳ ተስፋ መጣል አይቻልም። ስለዚህ “ይህ ቦታ በመልሶ ማልማት ወይም በመንገድ ፕላን ውስጥ አለ ወይ?” ብሎ ለክፍለ ከተማው በጽሑፍ ማመልከትና መልሱንም በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል።

4. የባንክና የፍርድ ቤት እጅ አለበት?

በመያዣ የተያዘ ቤት ቢሸጥም መያዣው ቤቱን ይከተለዋል። በአዋጅ ቁጥር 90/97 ወይም በሌላ ቁጥር ሲጠራ የምንሰማው የባንኮች የመያዣ ሕግ ትክክለኛ ቁጥሩ 97/1990 ነው፤ ባንኮች ተበዳሪው ካልከፈለ ክስ ሳይመሠርቱ በመያዣ የያዙትን ንብረት በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ፣ ቀኑ ቅርብ የሆነ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ከስድስት ወር በፊት የወጣ ደብዳቤ የስድስት ወር በፊቱን ሁኔታ ነው የሚነግረን።

ከባንክ ሌላ የግብር ዕዳም አለ፦ የኪራይ ገቢ ግብር፣ የቦታና ቤት ግብር፣ የሊዝ ውዝፍ። የሻጩን የግብር ክሊራንስ ማየት የግድ ነው። የመብራትና የውኃ ቆጣሪዎች ላይ ያለ ውዝፍም ትንሽ ይመስላል፤ አሥር ክፍል ያለው ሕንፃ ላይ ሲደመር ግን ትንሽ አይደለም።

5. የሚስት፣ የወራሽና የየቲም ሐቅ

ይህ ክፍል ለእኛ ከሁሉም የሚከብደው ነው።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ፣ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጊዜውም ካወቀበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ነው። ካርታው በባል ስም ብቻ መሆኑ ሚስት ሐቅ የላትም ማለት አይደለም። ሻጩ “አላገባሁም” ካለ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ያቅርብ። ከአንድ በላይ ሚስት ካለው የሁሉም ጉዳይ ይጣራ።

ቤቱ በውርስ የመጣ ከሆነ ጥያቄው ይበዛል። አባት ሞተው፣ ትልቁ ወንድም ኪራዩን ሲሰበስብ ኖሮ፣ ዛሬ “ቤቴን እሸጣለሁ” የሚልበት ሁኔታ የታወቀ ነው። በሱረቱ ኒሳእ 11ኛውና 12ኛው አንቀጾች አላህ (ሱ.ወ) የእያንዳንዱን ወራሽ ድርሻ ራሱ ደንግጓል። ሴት ልጅ ድርሻ አላት፤ ሟች ልጅ ካለው ሚስቱ ስምንት አንድ እጅ አላት፤ እናት ድርሻ አላት። “እህቶቼ አይጠይቁኝም” የሚለው ቃል የእህቶችን ሐቅ አይሰርዝም። ዝምታ በይሉኝታ ሊሆን ይችላል፤ በይሉኝታ የተተወ ሐቅ ደግሞ ከልብ የተሰጠ ስጦታ አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ሰነድ ያስፈልጋል። አንደኛው የወራሽነት ማረጋገጫ ነው። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ የሙስሊም ሟችን ውርስ ያያሉ፤ መደበኛ ፍርድ ቤትም ይሰጣል። በማረጋገጫው ላይ ያሉትን ስሞች ቆጥሩ፤ ከሰፈር ሽማግሌና ከመስጂድ ጀመዓም ጠይቁ። ከሌላ እናት የተወለደ ልጅ ተዘልሎ ይሆን? ሁለተኛው ሰነድ የክፍፍሉ ወይም የሁሉም ወራሾች የሽያጭ ስምምነት ነው። ወራሽነትን ማረጋገጥና ንብረቱን መካፈል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ወራሽ የራሱን እንጂ የሌላውን ድርሻ መሸጥ አይችልም።

ከወራሾቹ መካከል ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ፣ አሳዳጊው በራሱ ፊርማ ብቻ የልጁን ቤት መሸጥ አይችልም፤ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። የየቲምን ገንዘብ በግፍ ስለሚበሉ ሰዎች በዚያው ሱራ 10ኛው አንቀጽ የመጣውን ማስጠንቀቂያ የሚያውቅ ገዢ ይህን ሰነድ ሳያይ አይፈርምም።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ካልተከፋፈለ የጋራ ንብረት ላይ አንዱ ድርሻውን ሲሸጥ፣ የጋራ ባለቤቶቹ የመግዛት ቅድሚያ አላቸው። በፊቅህ ይህ ሹፍዓ ይባላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ለጋራ ባለቤቶች የቀዳሚነት መብት ይሰጣል። ድርሻ ስትገዙ ሌሎቹ ባለ ድርሻዎች “አንፈልግም” ማለታቸውን በጽሑፍ ያዙ።

6. የሚፈርመው ሰው ማን ነው?

በቦሌ አካባቢ ብዙ ባለቤቶች የሚኖሩት ውጭ አገር ነው፤ የሚሸጠው ወኪል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። “ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ” የሚል ጠቅላላ ውክልና ለማከራየት ይበቃል እንጂ ለመሸጥ አይበቃም። ውክልናው አለመሻሩን ከሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት፣ በተለምዶ ውልና ማስረጃ ከምንለው፣ አጣሩ። ወካዩ በሕይወት መኖሩንም አረጋግጡ፤ ውክልና በወካዩ ሞት ይቋረጣል። በቪዲዮ ደውሎ ባለቤቱን ማነጋገርና የመሸጫውን ዋጋ ከራሱ አፍ መስማት ቀላል ነገር ነው፤ ብዙ ጣጣ ግን ያስቀራል።

ደላላ ገዢና ሻጭ ያገናኛል፤ ኮሚሽኑም በሥራው ልክ ሐላል ነው። የደላላ ቃል ግን ማስረጃ አይደለም። “ዛሬ ካልከፈልክ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው” የሚለው ጥድፊያ በመጣ ቁጥር ቆም ማለት ይገባል።

7. ተከራዮቹን አነጋግሯቸው

የሚከራይ ሕንፃ የሚገዛ ሰው ተከራዮቹንና ውላቸውንም ጭምር ነው የሚረከበው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ብዙ ነገር ቀይሯል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ ይፈጸማል። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው።

ይህ ለገዢው ምን ማለት ነው? “አሁን 15 ሺህ ነው የሚከፍሉት፤ እኔ ስገዛው 25 ሺህ አደርገዋለሁ” ብሎ የተሠራ ስሌት ፈራሽ ነው። “ተከራዮቹን አስወጥቼ ለእንግዳ ማረፊያ አከራያለሁ” የሚለውም እንዲሁ። ቤት መሸጡ ተከራይን በማግስቱ ለማስወጣት ምክንያት አይሆንም። በቤቱ የሚኖሩት ልጆቻቸውን በአቅራቢያው ትምህርት ቤት ያስገቡ፣ በውላቸው ተማምነው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ውልን መሙላት ደግሞ የአማኝ ግዴታ ነው።

ከሻጩ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፦ በወረዳ የተመዘገቡት ውሎች በሙሉ፣ ያለፈው አንድ ዓመት የባንክ መግለጫ፣ ለግብር ያስታወቀው የኪራይ መጠን። ሦስቱ ካልተስማሙ ከመካከላቸው አንዱ ውሸት ነው። ከዚያ በኋላ ተከራዮቹን በየበራቸው ማነጋገር ይገባል። ስንት ትከፍላላችሁ? እስከ መቼ ከፍላችኋል? ለአከራዩ በመያዣ የሰጣችሁት ገንዘብ አለ? ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሻጩ ከሱቅ ተከራይ የአንድ ዓመት ኪራይ አስቀድሞ ወስዶ ከሆነ፣ እናንተ ዓመቱን ሙሉ ከዚያ ሱቅ ምንም አታገኙም። ይህ ገንዘብ ከዋጋው መቀነስ አለበት። የተከራዮች መያዣ ገንዘብም አማና ነው፤ ወደ ገዢው እጅ ተቆጥሮ ይተላለፍ።

8. ምድር ቤቱ ላይ ምን ይሸጣል?

በአዲስ አበባ “ግሮሰሪ” ማለት አብዛኛውን ጊዜ መጠጥ ቤት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከሱቆቹ አንዱ ግሮሰሪ፣ አንዱ የውርርድ ቤት፣ አንዱ የሺሻ ቤት ከሆነ፣ ከሕንፃው ጋር የእነሱንም ውል እየተረከብን ነው። ቤትን ለሐራም ሥራ መሆኑን እያወቁ ማከራየት እንደማይፈቀድ አብዛኞቹ ዑለማዎች ይናገራሉ። መፍትሔው ከመግዛት በፊት ነው። የእነዚህ ውሎች ማብቂያ መቼ ነው? ሻጩ ከተከራዩ ጋር ተስማምቶ ከርክክብ በፊት ሊያጠናቅቀው ይችላል? ካልሆነስ ያ ሱቅ ሳይቆጠር ሕንፃው ያዋጣል? ብዙ ጊዜ ከፍተኛውን ኪራይ የሚከፍለው ይኸው ሱቅ በመሆኑ፣ እሱን አውጥቶ ያልተሰላ ገቢ የተጋነነ ገቢ ነው።

9. ሕንፃው ራሱ

በታኅሣሥና ጥር 2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ያኔ ብዙ ሰው የራሱን ሕንፃ ግድግዳ ቀና ብሎ አይቷል። ለግዢ ሲሆን ከማየት ያለፈ ያስፈልጋል። ከሻጩም ከደላላውም ጋር ግንኙነት የሌለው መሐንዲስ ይቅጠሩ። ኮለኖችና ቢሞች ላይ ያለ ስንጥቅ፣ ወደ ውጭ የወጣና የዛገ ብረት፣ ከጣሪያና ከመታጠቢያ ቤት የሚወርድ ርጥበት፣ የመሠረቱ መስመጥ ይታያል። የኮንክሪቱን ጥንካሬ ሳያፈርሱ የሚለኩበት መሣሪያም አለ። ክፍያው ከሕንፃው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ባለ ብዙ ክፍል ሕንፃ ላይ ተጨማሪ የሚታይ አለ። ስንት ቆጣሪ አለ? በአንድ ቆጣሪ ስምንት ቤተሰብ የሚጠቀም ከሆነ ጭቅጭቁ በየወሩ ነው። ሮቶው ለስንት ቀን ይበቃል? የፍሳሽ ጉድጓዱ ለስንት ሰው ተሠራ፣ ዛሬስ ስንት ሰው ይኖርበታል? መምጠጫ መኪና ሊገባ ይችላል? ሕንፃውን ሁለት ጊዜ እዩት፤ አንዱ በክረምት ዝናብ ወይም ውኃ በጠፋበት ቀን ቢሆን ደግ ነው።

10. ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት

ለምሳሌ ያህል እንበል፦ ዋጋው 40 ሚሊዮን ብር፣ 12 ክፍሎች እያንዳንዳቸው በ25 ሺህ ብር የተከራዩ። በዓመት 3 ሚሊዮን 600 ሺህ ይሆናል። ደላላው “ዘጠኝ በመቶ ነው” ይላል። አሁን እንቀንስ። በዓመት ውስጥ ክፍሎች ባዶ የሚሆኑበትን በአንድ ወር ኪራይ ብናስበው 300 ሺህ፣ ጥበቃ፣ ጥገናና ውኃ 400 ሺህ፣ የኪራይ ገቢ ግብር 600 ሺህ ቢሆን፣ የሚቀረው 2 ሚሊዮን 300 ሺህ ነው። በሌላ በኩል ዋጋው ላይ ስም ማዛወሪያ ይጨመራል፤ የተለመደው አሹራ 4 በመቶና የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ሲደመር 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ነው። ስለዚህ በ42 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ላይ የሚገኘው 5.4 በመቶ ገደማ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ የእናንተን በእናንተ ቁጥር ሥሩት። የግብር መጣኔዎች ስለሚሻሻሉ የወቅቱን ከገቢዎች ጠይቁ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀውን የንብረት ታክስ አዋጅም አትርሱ።

11. ገንዘቡና ውሉ

ጥሬ ገንዘቡ ካልሞላ፣ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው ዘምዘም ባንክ አንስቶ ሂጅራና ሌሎች ከወለድ ነፃ ባንኮች፣ እንዲሁም የመደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮቶች አሉ። “ከወለድ ነፃ” የሚለውን ስም ብቻ አትዩ፤ አሠራሩን ጠይቁ። በሙራበሓ ከሆነ ባንኩ ለእኛ ከመሸጡ በፊት ቤቱን በእርግጥ ገዝቶ በእጁ ያስገባል ወይ? እየቀነሰ በሚሄድ ሙሻረካ ከሆነ ጉዳትና ጥገና በድርሻችን ልክ ይካፈላል ወይ? የስም ማዛወሪያ ወጪው ሁለት ጊዜ ይመጣል ወይ? ውሉን ለሸሪዓ ቦርዳቸውና ለምታምኑት ዓሊም አሳዩ።

ቀብድን በተመለከተ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። በፊቅህ የቀብድ ሽያጭን አብዛኞቹ መዝሀቦች አይፈቅዱም፤ ሐንበሎች ይፈቅዳሉ፤ ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚም የመጠበቂያው ጊዜ የተወሰነ ከሆነ ፈቅዷል። ስለዚህ ቀብድ ከተሰጠ አነስተኛ፣ ጊዜው የተቆረጠና “ሰነዱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ሆኖ ካልተገኘ ይመለሳል” የሚል ሁኔታ የተጻፈበት ይሁን።

ዋናው ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይመዝገብ። ቤት ውስጥ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ላይ ሚሊዮኖችን መክፈል አደገኛ ነው። ዕዳን መጻፍና ምስክር ማቆምን በዝርዝር የሚያስተምር አንቀጽ በሱረቱል በቀራ (282) ያለን ሕዝቦች ነን፤ “በመተማመን” ብለን ልንተወው አይገባም። ክፍያው በሲፒኦ ወይም በባንክ ዝውውር ይሁን። ስሙ ዞሮ ካርታው በገዢው ስም እስኪወጣ ድረስ የተወሰነ ክፍያ እንዲቆይ ተስማሙ።

ዋጋውን አሳንሶ መጻፍ የተለመደ ነው፤ 40 ሚሊዮን ተከፍሎ ውሉ ላይ 12 ሚሊዮን። ይህ ውሸት ነው፤ ለገዢው ደግሞ ወጥመድ ነው። ነገ ውሉ ቢፈርስ በሰነድ የሚታየው 12 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ ቀሪውን 28 ሚሊዮን በምን ያስረዳል? ሻጭና ገዢ እውነት ከተናገሩና ጉድለቱን ከገለጹ በሽያጫቸው በረካ እንደሚያገኙ፣ ከዋሹና ከደበቁ ግን በረካው እንደሚነሳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

12. በማን ስም?

እህትና ወንድማማቾች ገንዘብ አዋጥተው ሲገዙ ካርታው አገር ቤት ባለው ሰው ስም ብቻ ይወጣል። ዛሬ ፍቅር ነው፤ ነገ ያ ሰው ሲሞት ሚስቱና ልጆቹ የሚያውቁት ካርታውን ነው። ሪያድ ላይ ሌሊት ሠርታ የላከችው እህት ድርሻዋን በሰነድ ማስረዳት ያቅታታል። ስለዚህ የሁሉም ስምና ድርሻ በውሉና በካርታው ላይ ይጻፍ፤ ይህ ካልተቻለ የድርሻ ስምምነቱ በውልና ማስረጃ ይረጋገጥ። የሌላ አገር ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የማይንቀሳቀስ ንብረት የማፍራት መብት አላቸው፤ መታወቂያቸውን ይዘው በራሳቸው ስም ይግዙ።

ከተገዛ በኋላ ዘካም አለ። በዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ የ1985 እ.ኤ.አ. ውሳኔ መሠረት በሚከራየው ሕንፃ ዋጋ ላይ ዘካ የለም፤ የኪራዩ ገንዘብ ግን ኒሷብ ሞልቶ ከእጅ ከገባ በኋላ ዓመት ሲዞርበት 2.5 በመቶ ይወጣበታል።

እነዚህን ሁሉ ማጣራት ሁለት ወይም ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። በዚህ መካከል ሕንፃው ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። ይሸጥ፤ ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው። ወራሹ ያልፈረመበትን፣ ባንኩ ያልለቀቀውን፣ ፈቃድ የሌለውን ሕንፃ በጥድፊያ ከመግዛት፣ ትንሽ ቆይቶ የሰው ሐቅ የሌለበትን መግዛት ይሻላል። አላህ ሐላል የሆነውን ያስፋልን። ወላሁ አዕለም።